መስኮት ያለው ቺፕ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል በኡም ጋርጉር ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በገዳሪፍና በኡም ጋርጉር ገበያ በሬዲዮና በሞባይል ጥገና የምንተዳደረውን ሰብስቦ «ለልጆች የሚጠቅም፣ አዋቂንም የማያሰለች ነገር ከሙያችሁ አምጡ» ብሎናል። ስለ ሞባይል አጠቃቀም እንዳናወራ ልጆቹ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ከሞባይሉ አያት ለመጀመር ተስማማን። የዚህ አያት ስም ኢፕሮም ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ይኸው፣ አንዱን ከአሮጌ ፕሪንተር አውጥተን አምጥተናል። እጅ በእጅ ተቀባበሉት፤ እግሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ግን እንዳይጣመሙ። በሁለት ወገን የተሰለፉ 24 እግሮች አሉት። ጀርባው ላይ ክብ መስኮት ታያላችሁ። በመስኮቱ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ትንሽ ነገር ዋናው ቺፕ ነው፤ የቀረው እንደ ሸክላ የተተኮሰ ቤቱ ነው። ብዙ ልጆች ይህን መስኮት ሲያዩ «ካሜራ ነው ወይ?» ይሉናል። ካሜራ አይደለም። ለምን መስኮት እንደተበጀለት ስንጨርስ ትነግሩናላችሁ።

ኢፕሮም የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ፣ ሊጻፍበትና ሊሰረዝ የሚችል፣ ሥራ ላይ ሲሆን ግን የሚነበብ ብቻ የሆነ ማኅደረ ትውስታ ማለት ነው።

ዚርና መጥሙራ

በኮምፒዩተርም ሆነ በስልክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማኅደረ ትውስታ አለ። የመጀመሪያው ራም ይባላል። ይህን በየቤታችን ደጃፍ ባለው ዚር መስለን እንናገር። ዚር ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ያልበዋል፣ ይንጠባጠባል፤ ካልሞላነው ይጎድላል። ራምም እንዲሁ ነው። የያዘው የኤሌክትሪክ ሙል ያለማቋረጥ ስለሚያፈስ፣ ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ መልሶ ይሞላዋል። ሚሊ ሰከንድ ማለት የአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞይው ስለሚጠፋ፣ በራም ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዓይነት እንደ መጥሙራ ነው። የገዳሪፍ ገበሬ ዱራውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ገለባ አልብሶ፣ አፈር መልሶበት ይሄዳል። ማንም በየቀኑ መጥቶ አይጨምርበትም፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ እህሉ ይወጣል። ኢፕሮም ይህን ይመስላል። ከመሣሪያው ነቅለን በካርቶን ብናስቀምጠው፣ ከዓመታት በኋላም የተጻፈበትን ያነብልናል።

ጉድጓዱ እንዴት ተሠራ?

በቺፑ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። ትራንዚስተርን እንደ መስኖ ቦይ መዝጊያ አስቡት፤ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ሲዘጋ ይቆማል። መክፈትና መዝጋቱን የሚያዘው ክፍል ጌት ይባላል። ተራ ትራንዚስተር አንድ ጌት ሲኖረው፣ የኢፕሮም ትራንዚስተር ግን ሁለት ተደራራቢ ጌቶች አሉት። የላይኛው ከሽቦ ጋር ስለተያያዘ ከውጭ እናዘዋለን። የታችኛው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ዙሪያውን ሲሊከን ዳይኦክሳይድ በሚባል ነገር ታጥሯል፤ ይህም በአሸዋና በመስታወት ውስጥ በብዛት የሚገኘውና ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ነገር ነው። ከምንም ጋር ስላልተያያዘ ተንሳፋፊ ጌት ይሉታል። የእኛ መጥሙራ ይኸው ነው።

ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ የላይኛው ጌት ሲያዝ መንገዱ ይከፈታል፤ ይህ 1 ተብሎ ይነበባል። በጉድጓዱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከታጎሩ ግን የላይኛውን ጌት ትእዛዝ ይመክታሉ፤ መንገዱ አይከፈትም፤ ይህ 0 ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። አንዱ ቢት ይባላል፤ ስምንት ቢት ሲደመር አንድ ባይት ይሆናል።

ታዲያ ዙሪያው ከታጠረ ኤሌክትሮኖቹ በየት ይገባሉ? በጉልበት ነው። ለምሳሌ 2716 የተባለው ኢፕሮም ሲነበብ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ሲጻፍበት ግን 25 ቮልት ይሰጠዋል። በዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖቹ ሲጣደፉ፣ ጥቂቶቹ ብዙ ጉልበት ያገኙና አጥሩን ዘለው ይገባሉ። ቮልቴጁ ሲነሳ መመለሻ ያጣሉ። አንዱን ባይት ለመጻፍ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ቺፑ 2,048 ባይት ስለሚይዝ፣ ሙሉውን ለመጻፍ 100 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብንመድብ፣ የሚይዘው ከአንድ የመጽሐፍ ገጽ ብዙም አይበልጥም።

መስኮቱና ፀሐዩ

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ። ባዶ ኢፕሮም ሁሉም ነገሩ 1 ነው። መጻፍ ማለት አንዳንዱን 1 ወደ 0 መለወጥ ነው። 0ን ወደ 1 ለመመለስ ግን አንድ ቢት ብቻ መርጦ ማጥፋት አይቻልም። ኸልዋ የተማራችሁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ፤ ሎሑ ሲታጠብ የተጻፈበት ሁሉ አብሮ ይታጠባል። ኢፕሮምም አንድ ስሕተት ለማረም መላው ታጥቦ እንደገና ይጻፋል።

የሚታጠበው በብርሃን ነው። ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባል ብርሃን አለ። የሞገድ ርዝመቱ 253.7 ናኖሜትር የሆነው ዓይነት፣ እያንዳንዷ ቅንጣቱ 4.9 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አላት። የታሰረው ኤሌክትሮን አጥሩን ዘሎ ለመውጣት የሚያስፈልገው ወደ 3.2 ገደማ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ሲመታው ዘሎ ይወጣል። ቺፑን ከመብራቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብናቆየው ይጸዳል። ተራ የመስኮት መስታወት ይህን ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ የቺፑ መስኮት የተሠራው ከኳርትዝ ነው። ልጆች፣ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ መብራት ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው መሣሪያ መሳቢያው ሳይዘጋ እንዳይበራ ተደርጎ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

አልትራቫዮሌት ብርሃን በመጠኑ በፀሐይም ውስጥ አለ። ከ400 ናኖሜትር በታች የሆነ ብርሃን ሁሉ ቀስ በቀስ ማጽዳት ይችላል። ኢንቴል ስለ 2716 ባወጣው መግለጫ፣ መስኮቱ ያልተሸፈነ ቺፕ በተራ የፍሎረሰንት መብራት ሥር በ3 ዓመት ገደማ፣ በቀጥተኛ ፀሐይ ደግሞ በ1 ሳምንት ገደማ ሊሰረዝ እንደሚችል ጽፏል። የገዳሪፍን ፀሐይ አይተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር?

እንግዲህ በአሮጌ ዕቃ ውስጥ መስኮቱ ላይ ስቲከር ተለጥፎ ስታገኙ ለጌጥ አይደለም፤ አትላጡት። የዕርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘር ላይ ረጅም አንቴና ተክለው ይነጋገሩባቸው ከነበሩት አሮጌ ሬዲዮኖች አንዳንዶቹ፣ የቻናላቸውን ቁጥሮች የያዙት በእንዲህ ያለ ቺፕ ነበር። ቺፑ ከተሰረዘ ሬዲዮኑ ደኅና ሆኖ ሳለ የት እንደሚናገር አያውቅም። በሙያችን ደንብ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲመጣልን ከሁሉ በፊት ቺፑን ነቅለን፣ በሌላ ማንበቢያ አንብበን፣ ቅጂውን እናስቀምጣለን። ጥገናው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ማን ፈለሰፈው?

ይህን ለልጆቻችን ሳንነግር ብናልፍ ደግ አይሆንም። የኢፕሮም ፈልሳፊ ዶቭ ፍሮማን ይባላል። በ1939 አምስተርዳም ውስጥ ተወለደ። ጦርነቱ መጣ፤ ወላጆቹ አይሁድ ስለነበሩ በ1942 ሕፃኑን ለአንድ የሆላንድ ገበሬ ቤተሰብ ሰጥተው አስደበቁት። እሱ ተረፈ፤ እነርሱ አልተረፉም። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ወደ እስራኤል ሄዶ በዘመዶቹ እጅ አደገ። ተምሮ በ1969 አሜሪካ ውስጥ ኢንቴል በተባለው ድርጅት ተቀጠረ። እዚያ የአንድ ቺፕ ብልሽት እንዲመረምር ሲታዘዝ፣ ከሽቦው የተለየ ጌት የሚያሳየው ጠባይ ትኩረቱን ሳበው። ሌላው ብልሽት ያለውን እሱ ማኅደረ ትውስታ አደረገው። በ1971 የመጀመሪያው ኢፕሮም፣ 256 ባይት ብቻ የሚይዘው 1702፣ ለገበያ ወጣ። ከዚያም ፍሮማን ሥራውን ትቶ ወደ አህጉራችን መጣ፤ ጋና ውስጥ በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አስተማረ።

በሰው ቤት ተደብቆ ያደገ ልጅ ይህን ሠራ። ከዚህ በላይ አንጨምርበትም፤ የሚሰማ ይሰማዋል።

የእኛ ፊደል በቺፕ ውስጥ

ያመጣነው ቺፕ ከፕሪንተር የወጣ ነው ብለናል። እዚያ ምን ይሠራ ነበር? የፊደል ቅርጽ ይይዝ ነበር። ያኔ ፕሪንተሩ ፊደልን የሚያትመው ነጥብ በነጥብ ነው፤ የትኛው ነጥብ እንደሚመታ ቺፑ ይነግረዋል። «በ»ን እንውሰድ። ራሷ 01111110 ተብሎ ይጻፋል፤ 1 ባለበት ነጥብ አለ፣ 0 ባለበት የለም። ሁለቱ እግሮቿ ደግሞ 01000010 እየተባለ ከላይ እስከ ታች ይደጋገማል። «ቡ» ለማድረግ መሐል ላይ አንዱን ረድፍ 01000011 እናደርገዋለን፤ «ቢ» ለማድረግ ያንኑ ከእግሯ ሥር እናወርደዋለን። ልጆች፣ ቤት ስትገቡ በካሬ ደብተር ላይ ሞክሩት።

አንዱ ፊደል በ16 ረድፍ ቢሠራ 16 ባይት ይፈልጋል። 4,096 ባይት በሚይዘው 2732 ቺፕ ላይ ለ256 ቅርጽ ቦታ አለ። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። 25 ቦታ ይቀራል ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ትልልቅ ፊደላት ብቻ 26 ናቸው! «ሏ»ና «ቋ»ን፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን አኃዞች፣ አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝን ገና አልቆጠርንም። ለላቲን ፊደል የተበጀው 256 ቦታ ለእኛ የጠበበው እንዲህ ነው።

ይህን ጥበት ለማለፍ ብዙ ደክመውልናል። በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳሽን ኢንጂነሪንግን የመሠረቱት አቶ ፍሥሐ አጥላው፣ በኮሎራዶ ዶክተር አበራ ሞላ፣ በአገር ቤትም አጋፋሪ የተባለውን ሶፍትዌር የሠሩት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሱ ናቸው። በ1984 የወጣው ኢጂኤ የተባለው የስክሪን ካርድ የፊደልን ቅርጽ ከዲስክ መጫን ስላስቻለ፣ በአንድ ጊዜም እስከ 512 ቅርጽ ስለያዘ፣ ቺፕ መለወጥ ሳያስፈልግ በፊደላችን መጻፍ ቀለለ። ሆኖም እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። መስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለፊደላችን ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጠው፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ሆነ። ዛሬ ከኡም ጋርጉር የተላከ «ሰላም» ካናዳም አውስትራሊያም «ሰላም» ሆኖ የሚደርሰው ስለዚህ ነው።

የልጅ ልጆቹ

ኢፕሮም በአዲስ ዕቃ ውስጥ ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ያለ ብርሃን፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰረዝ ልጅ ወለደ። ከዚያም ከቶሺባ ኩባንያ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ፍላሽን ለዓለም አስተዋወቀ። በኪሳችሁ ያለው ፍላሽ ዲስክ፣ የስልካችሁ ሜሞሪ ካርድ፣ የስልኩ ራሱ ማኅደር የዚሁ ዘር ናቸው። 32 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ሜሞሪ ካርድ ከ15 ሚሊዮን በላይ የ2716 ቺፖችን ይተካል። መስኮቱ ቀርቷል፤ ኤሌክትሮኖችን አጥሮ የማስቀመጡ ዘዴ ግን ያው ነው።

ዘሩ ያው ከሆነ በሽታውም ያው ነው። አጥሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር ኤሌክትሮኖቹ በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያመልጣሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ማምለጡ ይፈጥናል። አሮጌው ኢፕሮም በአንድ ጉድጓድ የሚለየው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቢያፈስም ይነበባል። ብዙዎቹ የዛሬ ሜሞሪዎች ግን በአንዱ ጉድጓድ ሦስት ቢት ለመያዝ ስምንት የተለያየ መጠን ይሰፍራሉ። ትንሽ ሲያፈስ መጠኑ ይምታታል። ለቤት ኮምፒዩተር በሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ላይ የወጣው የኢንዱስትሪ መለኪያ፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ዲስክ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ ሙቀት 1 ዓመት እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። በእኛ አገር 30 ዲግሪ የጥላ ምቾት ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስንት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛም ልዩነት አለ። አሮጌውን ቺፕ ነቅለን በሌላ መሣሪያ እናነበዋለን ብለናል። በዛሬ ስልክ ይህ አይቻልም። ማኅደሩ በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ የያዘውም በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ቦርዱ ከሞተ ቺፑን ብናወጣውም አይናገርም።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ወደ ጠረጴዛችን ከሚመጡት ስልኮች የብዙዎቹ ባለቤቶች የሚፈልጉት ስልኩን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው። አንዲት እናት «ስልኩ ይቅር፤ የልጄን የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ፎቶ ብቻ አውጡልኝ» ብለውናል። የእሳቸው ተሳካ፤ የሌሎች ሳይሳካ የቀረበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። በኅዳር 2020 በሐምዳይት በኩል ተሻግረው የመጡ፣ ከሚያዝያ 2023 ጦርነት በኋላም ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ የሸሹ ቤተሰቦች ብዙ ወረቀት ይዘው አልወጡም። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃው በስልክ የተነሳ ፎቶ ብቻ የሆነበት ቤት ስንት ነው? ለስደተኛ ደግሞ ወረቀት ማለት ስሙ ነው።

ስለዚህ ከሙያችን የምንመክረው ይህን ነው፦

1ኛ. ስልኩ እየሠራ ሳለ ቅጂ አስወጡ። ከሞተ በኋላ ልመና ነው።

2ኛ. ቅጂው ከአንድ በላይ ይሁን፤ በአንድ ቤትም አይቀመጥ። አንዱ እዚህ ከሆነ ሌላው ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን።

3ኛ. በዓመት አንድ ቀን ፍላሹን ከፍታችሁ አንብቡት፤ ያለውንም ወደ ሌላ ገልብጡት። መገልበጥ ማለት ጉድጓዱን እንደገና መሙላት ነው።

4ኛ. ከሙቀት አርቁት። በመኪና መስታወት ሥር፣ በቆርቆሮ አጠገብ አይቀመጥ።

5ኛ. ዋና ዋናውን በወረቀት አሳትሙና በላስቲክ አሽጉት። ወረቀት መብራት አይፈልግም።

6ኛ. ፍላሹ ላይ ስምና ቀን ጻፉ። የሰነዳችሁን ፎቶ ግን ለማታምኑት ሰው አትስጡ።

ክቡራን ወገኖቻችን፤ የማኅበራችን መዝገብ ከአባልነት ክፍያ በላይ ነው። ማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን በዚህ ምድር እንደተቀበረ የሚገኘው እዚያ ነው። ያን መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በሦስት ቦታ ማስቀመጥ ለዚህ ኢዮቤልዩ የሚገባ ሥራ ነው፤ አንዱ በኡም ጋርጉር፣ አንዱ በገዳሪፍ፣ አንዱ በውጭ ባሉ አባሎቻችን እጅ። የጽሕፈት ሥራውን የሚያግዙ አንብበው የሚጽፉ ወጣቶች ያስፈልጉናል። ስማቸው የደበዘዘባቸውን ሰዎች የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶችም ያስፈልጉናል። እኛ ጠጋኞቹ ከበዓሉ በኋላ ባሉት አራት ዓርቦች ከሰዓት በኋላ ራኩባው ሥር ጠረጴዛ ዘርግተን እንቆያለን። የማኅበሩን መዝገብም፣ የየቤታችሁን ሰነድም ያለ ክፍያ እንገለብጣለን። ባዶ ፍላሽ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለውም ይምጣ፣ እንተባበራለን።

መስኮቱ ለምን እንደተሠራ የገባችሁ ልጆች አሁን እጃችሁን አውጡ።